የድሮ ዘመን ቀሚስ ከእናቶቻችን ሳጥን ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ሥር ባለች ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ደግሞ በወጣትነቷ ፒያሳ አንድ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራ ኮሌታና እጅጌ በመስፋት ነው የጀመረችው። ስለዚህ አሁን የማነሳው ነገር እንጀራዬም ነው፣ የቤታችን ታሪክም ነው።

ሰሞኑን "የድሮ ዘመን" አለባበስ በጣም እየተፈለገ ነው። ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ሲዘጉ ልጆቹ እንደ ድሮ ሴቶች ለብሰው መድረክ ላይ ይወጣሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በዓል ሲኖር ሠራተኞቹ እንደ አያቶቻቸው ዘንጠው ይመጣሉ። ሙሽሮችም ከሠርጉ በፊት እንዲህ ለብሰው ፎቶ መነሳት ጀምረዋል። እኔ ደስ ይለኛል። ወጣቱ ያንን ዘመን ሲፈልገው ማየት ደስ ይላል፤ ሥራም ያመጣልኛል።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ደንበኞቼ ስልካቸውን ከፍተው የሚያሳዩኝ ፎቶ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ቀሚስ፣ ጸጉር ላይ ቀይ ሪባን፣ ነጭ ጓንት። የድሮ የአሜሪካ ማስታወቂያ ላይ የምትታየዋ ሴት ናት። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ነገር ግን ልጅቷ መድረክ ላይ የምትወጣው የድሮዋን የአዲስ አበባ ሴት ሆና ነው። የዚያች ሴት ፎቶ እኮ እቤቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልብሷም በየቤቱ በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ናፍታሊን ተደርጎበት እስካሁን አለ። ለምን ከዚያ አንጀምርም?

አንድ ቀን ያንን የስልክ ፎቶ ለእናቴ አሳየኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ስልኩን አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ "ነጠላዋስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን እንለይ። መምህራኑ "የሃምሳዎቹን ልብስ ለብሳችሁ ኑ" ይላሉ። ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ ሃምሳዎቹን ሲፈልጉ የሚመጣላቸው የፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ነው። የእኛ 1950 የገባው በእነሱ መስከረም 1957 ነው። የእኛ ሃምሳዎቹ ሲያልቁ እነሱ 1967 ላይ ደርሰዋል። በልብስ ሰባት ስምንት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ መሃል ጉርድ ከጉልበት በታች ተነስቶ ከጉልበት በላይ ወጥቷል።

የሰፊው ጉርድ ነገር የመጣው በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 1939 ወዲህ ነው። ፈረንሳዊው የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ሥራዎቹን ሲያሳይ ወገቡ ጥብቅ ያለ፣ ጉርዱ እንደ ልብ የተለቀቀ ቀሚስ ይዞ ብቅ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማለቁ ነበር። ጨርቅ ብርቅ ነው። እንግሊዝ አገር ልብስ የሚገዛው በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑ የቀረው በእኛ 1941 ነው። በዚያ ችግር መሃል ለአንድ ጉርድ ያን ሁሉ ሜትር ጨርቅ መቁረጥ ብዙውን ሰው አስደነቀ፣ አንዳንዱንም አስቆጣ። ቅርጹ ግን ዓለምን ዞረ። እናቴ ሥራ ስትጀምር ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ያገኘችው ይህንኑ ነበር፤ ወገብ ጠበብ፣ ጉርድ ሰፋ።

ከዚያ ጉርዱ እየጠበበና እያጠረ መጣ። ለንደን ላይ እነ ዲዛይነር ሜሪ ኳንት ሚኒውን የወጣት ልብስ አደረጉት። እኛም ጋ ገባ። መጋቢት 1960 ላይ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ተማሪዎች ተቃወሙ፣ ረብሻ ተነሳ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የልብስ ጉዳይ ያን ያህል ያነጋግር ነበር። እንግዲህ የእኛዋ ልጅ የምትሆነው የ1951ዷን ሴት ነው ወይስ የ1959ኟን? ይህን ሳይለዩ መርካቶ ወርዶ ጨርቅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዓመቱ ከታወቀ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ይታሰብ። ነርስ ናት? አስተማሪ ናት? ቢሮ ታይፕ የምትመታ ጸሐፊ ናት? ያኔ አብዛኛዋ የከተማ ሴት የሐበሻ ቀሚሷን ነበር የምትለብሰው። ስፌት ቀሚስ የለበሰችዋም ብትሆን ከላይ ነጠላዋን ጣል ታደርጋለች። እናቴ በ1954 የተነሳችው ፎቶ ላይ እንደዚያ ሆና ነው የቆመችው። አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ትከሻ ላይ ነጭ ነጠላ፣ አጭር ታኮ ያለው ጫማ፣ ክንዷ ላይ ትንሽ ቦርሳ። ጓንት የለ፣ ሪባን የለ። እንዲያም ሆና ሽክ ብላለች።

የፎቶው ቀሚስ ራሱ እኛ ጋ አለ። ከፒያሳ ወደዚህ ስንመጣ ሌላውን ዕቃ ለጫኞች ትታ የብረት ሳጥኑን ከአጠገቧ አላራቀችውም። ቀሚሱን ለሙያ ጓደኞቼም ለወላጆችም ስል በዝርዝር ላውራው።

ጨርቁ ጥጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት አመድማ ሆኗል። ምን ቀለም እንደነበረ መገመት ያስቸግራል፤ ፎቶውም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይረዳም። የታችኛውን እጥፋት በጥንቃቄ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ፀሐይም ሳሙናም ብዙ ያልደረሰበት ቦታ እሱ ነው። ጥርት ያለ አረንጓዴ ወጣ። በላዩ ትንንሽ ነጭ አበባዎች፣ መሃላቸው ላይ ቢጫ። እናቴ ረስታው ኖሮ "አዎ፣ አዎ፣ እሱ ነው" እያለች በጣቷ ዳሰሰችው። የድሮ ልብስ ያላችሁ ሰዎች ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት እጥፋቱን ግለጡ። ብብት ሥር ያለውን የስፌት ትርፍም እዩ።

እጥፋቱ አራት ጣት ይሆናል። በጎኑ የተተወው ትርፍም ሁለት ጣት ነው። ዛሬ እንዲህ የሚተው ሰፊ አታገኙም። ያኔ ቀሚስ የሚሰፋው ለብዙ ዓመት ነው። ሴትየዋ ስትወፍር ወይም ስታረግዝ ይለቀቃል፤ በኋላ ደግሞ ለታናሽ እህት ይደርሳል። ዚፑ ከጀርባ አይደለም፣ በግራ ጎን ነው፣ ጥርሱም ብረት ነው። አንድ ቦታ ላይ ዝገቱ ጨርቁን ነክቶታል። ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ ነው፤ ከውጭ ክሩ አይታይም። ወገቡ ላይ ከውስጥ ቀጭን የአቡጀዲ ጥብጣብ ዞሮበታል፤ ጉርዱ ወገቡን ወደ ታች እንዳይጎትተው የሚይዘው እሱ ነው። ይህን ጥብጣብ አሁን የሚሰፋ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የወገቡ ቅርጽ እንዳማረ የኖረው ግን በእሱ ነው።

እንዲህ ያለ ልብስ ላይ መቀስ ይነሳ የሚል ሰው ሲመጣ ያመኛል። በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ የእናቷን ቀሚስ ይዛ መጣች። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስተማሪ ነበሩ። "ለልጄ የትምህርት ቤት ትርዒት ነው፤ አሳጥረው፣ ወገቡንም አጥብበው ይስጡኝ" አለችኝ። አገላብጬ አየሁትና አልችልም አልኳት።

"ዝም ብለው ይቁረጡት እንጂ እትዬ። ከእንግዲህ ማን ሊለብሰው?"

"ልጄ፣ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። እሱ ይቀመጥልሽ፤ እኔ አምሳያውን እሰፋልሻለሁ" አልኳት። ተስማማች። ልጅቷ በአምሳያው ወጣች፤ የአያቷም ቀሚስ እንደነበረ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

አምሳያ ማውጣት ማንም የሰፈር ልብስ ሰፊ የሚችለው ነው። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ማንጠፍ፣ ቀሚሱን በላዩ መዘርጋት። የእናንተ ጋዜጣ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳም ነው። ስፌቱን ሳይፈቱ መስመሩን ተከትሎ በስፒል ወረቀቱን ወጋ ወጋ ማድረግ። ቀሚሱን አንስቶ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ማገናኘት። ከዚያ የልጅቷን ልክ ወስዶ ወረቀቱን ማስፋት ወይም ማጥበብ፣ ለስፌት ትርፍ መጨመር። ደህናው ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በአሮጌ አንሶላ ቆርጦ፣ ሸልሎ፣ ልጅቷ ላይ መለካት። አንሶላው ቢበላሽ አያስቆጭም።

በቤታቸው የድሮ ልብስ ለሌላቸው ጉርዱን ከባዶ መቁረጥ ይቻላል። ክብ ጉርድ ሲባል ሰው ይፈራል፤ ሒሳቡ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ የተማሩት ነው። ለሙሉ ክብ የወገቡን ልክ ለ6.28 ማካፈል ነው። ወገቧ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 11 ገደማ ይመጣል። ጨርቁን አራት አጥፎ ከማዕዘኑ ላይ በ11 ሳንቲ ሜትር ቅስት ማስመር፤ ወገቡ እሱ ነው። ከዚያ ቅስት የጉርዱን ርዝመት ለክቶ ሁለተኛ ቅስት ማስመር። ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ አይበቃውም፤ በሁለት ግማሽ ተቆርጦ ይጋጠማል፣ ሦስት ሜትር ተኩል ያህልም ይፈጃል። ይህ ከበዛ ግማሽ ክብ አለ። ወገቡን ለ3.14 ማካፈል ነው፣ 22 ይመጣል፣ ሁለት ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ለትምህርት ቤት ልጅ እኔ ሁሌ የምመክረው ግማሽ ክቡን ነው። የእናቴም ቀሚስ ግማሽ ክብ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ጉርዱ ከተጋጠመ በኋላ ጠርዙ ከመዘምዘሙ በፊት ተሰቅሎ ይደር። ክብ የተቆረጠ ጨርቅ በሰያፍ የሚወርደው ክፍሉ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ጠዋት ስታዩት አንዱ ጋ ረዝሞ፣ አንዱ ጋ አጥሮ ታገኙታላችሁ። ያኔ ልጅቷን አልብሶ፣ ከወለሉ እየለኩ ማስተካከል ነው። መድረክ ላይ ጉርዱ ተንጋዶ የምናየው ይህ ስለሚዘለል ነው።

ሌላው ስለ ውስጡ ነው። ያ የተነፋ ቅርጽ ከቀሚሱ ብቻ አይመጣም። ከሥር ደረቅ ያለ የናይለን መረብ በእርከን ተሰፍቶ ይለበስ ነበር። መርካቶ ለቬሎ የሚሸጠው መረብ ለዚህ ይሆናል። ከውስጥ በኩል አቡጀዲ ገበር ይደረግበት፤ አለበለዚያ እግር ይፍቃል። ለመረቡ ገንዘብ የሌለው አቡጀዲውን ብቻ በጉርድ ቅርጽ ሰፍቶ በሩዝ ቅቅል ውሃ ይንከረውና ሳይደርቅ ይተኩሰው። ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። የአቃቂ ሰው ለዚህ አስታዋሽ አያስፈልገውም፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጎረቤታችን ነበር። የባሕር ዳሩም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው በዚያው ዘመን ነው። የሚያብለጨልጨው ቀጭን ጨርቅ ያንን ዘመን አያስታውስም፣ ያልባልም።

ባለፈው የትምህርት መዝጊያ ሰሞን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከአንድ አከራይ ያመጣችውን ቀሚስ አጥብቢልኝ ብላ መጣች። ሳቲን መሳይ ነገር ነው። ዚፑ ከጀርባ፣ ፕላስቲክ። ጠርዙ ተተልትሏል። ኪራዩን ስትነግረኝ ደነገጥኩ፤ በእሱ ገንዘብ ጥጥ ገዝታ፣ አሰፍታ፣ ለራሷ ታስቀረው ነበር። መታወቂያ አስይዛለች፣ ጊዜም የላትም። የሰው ንብረት ስለሆነ አልሰፋሁትም፤ በስፒል አያያዝኩላት። እናትየው የቀን ሥራ ነው የምትሠራው። እንዲህ ዓይነት ወጪ ለትርዒት ተብሎ በወላጅ ላይ ሲጫን ዝም ማለት አልችልም።

ስለ ጸጉሩም ልናገር። ዊግ መግዛት አያስፈልግም። ማታ በቢጎዲን ጠቅልሎ ማደር ነው፤ የቸኮለ ጸጉር ቤት ሄዶ ካስክ ይገባል። ጠዋት ሲፈታ ብዙ አይበጠር፣ በጣት ብቻ ይስተካከል። ሻሽ ማሰርም ያምራል። ዓይን ላይ ኩል ይበቃል። በቴሌቪዥን አንዳንድ ድራማ ላይ የዚያ ዘመን ጸሐፊ ናት የተባለችው ተዋናይ ረጅም ሰው ሠራሽ ጥፍር ተክላ ታይፕ ስትመታ አይቻለሁ። አዘጋጆቹ አንዲት በዘመኑ ቢሮ የሠራች እናት ቢያማክሩ በደስታ ትነግራቸው ነበር።

አሁን ልመናዬ።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ትርዒቱን ቀደም ብላችሁ ንገሩን። "ሳምንት ነው" ሲባል ወላጅ ወደ አከራይ ከመሮጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ስትነግሩንም ዓመቱንና የሴትየዋን ሥራ ጨምሩበት። ልጆቹንም ቅድሚያ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ እዘዟቸው። ካልሲ ታደርጊ ነበር? ጫማሽን የት ነው የምትገዢው? ጸጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ? እንዲህ ያለውን ነገር ኢንተርኔት አይመልስላቸውም።

ወላጆች ደግሞ የድሮውን ፎቶ ከፍሬሙ አውጡና ጀርባውን እዩት። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እናት አባት በሕይወት እያሉ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ የልብሱንም ቀለም ጠይቃችሁ በእርሳስ ጻፉበት። እኔ የእናቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያነሳሁ የምትለውን ጽፌያለሁ። የአንዱን ቀሚስ ኮሌታ የሰፋችው ራሷ እንደሆነች ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። የድሮ ፎቶ ለማየት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የዘመኑን ጋዜጦች ለማገላበጥም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር አለ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን ተነስቶ እዚያ መድረስ ግን ለተማሪ ከባድ ነው። ታክሲ መቀያየር አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ግማሽ ቀን ያልቃል። ጋዜጣው በየሳምንቱ አንድ የ1940ዎቹ ወይም የ1950ዎቹ የከተማ ሴት ፎቶ፣ ከነዓመቱና ከነቦታው፣ ቢያወጣልን እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች ቆርጠን ሱቃችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። አንባቢዎችም የእናቶቻቸውን ፎቶ ይልኩላችኋል ብዬ አምናለሁ። እኔ የእናቴን የ1954 ፎቶ ቅጂ፣ እሷን አስፈቅጄ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

የእናቴን ቀሚስ ልክ በወረቀት አውጥቼ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ቁጥር አዘጋጅቻለሁ። ለሚፈልግ ልብስ ሰፊም ሆነ መምህር በነጻ እሰጣለሁ፤ መጥቶ መገልበጥ ብቻ ነው። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ለሚጠይቅ ሰው ስጡልኝ። እሑድ ብቻ ዝግ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ